ኳስ፥ ጂኦሜትሪና የእጅ ሥራ

ኳስ የማይወድ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብዬ አላምንም። በጭልሞ ደን አጠገብ ባለው ሜዳ እረኞች እንኳ አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው ሲራገጡ ይውላሉ። ነገር ግን የቆዳው ኳስ ስለምን ድቡልቡል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔም አልጠይቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት የክፍላችን ኳስ ስፌቱ ተተርትሮ ከመነዳሪው ወጣና «ይጣል» ተባለ። እኔም ማንም ሳያየኝ ወደ ቤት ወሰድሁት። አባቴ ጫማ ሰፊ ነው፤ አያቴም ቆዳ ፋቂ ነበረ። አባቴ የተበላሸውን ስፌት ሲፈታ ሳለ ቁራጮቹን ቈጠርሁ፤ ባለ አምስት ጐን 12፥ ባለ ስድስት ጐን 20፥ በድምሩ 32 ሆኑ። «ጠፍጣፋው ቆዳ እንዴት ክብ ይሆናል?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ልጄ፥ ባለ ስድስቱን ብቻ ብትሰፋው ምንጣፍ ይሆንልሃል። ስቦ የሚያጐብጠው ጥቁሩ ነው» አለኝ። በጂኦሜትሪ ፈተና ጥሩ ማርክ ያገኘሁት እኔ ግን ምክንያቱን ማስረዳት አቃተኝ።

በዚያች ሌሊት በወረቀት ላይ ሠራሁት። የባለ ስድስት ጐኑ ማዕዘን 120 ዲግሪ ነው። ሦስቱ ሲገናኙ 360 ይሞላሉ፤ ስለዚህ እንደ ማር እንጀራ ተዘርግተው ይቀራሉ። የባለ አምስት ጐኑ ማዕዘን ግን 108 ነው። በኳሱ ላይ ስፌቶች በሚገናኙበት በእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባለ አምስትና ሁለት ባለ ስድስት ስለሚጋጠሙ ድምሩ 348 ይሆናል። የጐደለችው 12 ዲግሪ ቆዳውን ታጐብጠዋለች። ነጥቦቹም 60 ስለ ሆኑ 12 በ60 ሲባዛ 720 ነው። የጠመኔ ሣጥን ብንወስድ ደግሞ በ8ቱም ማዕዘኖች ላይ 90 ዲግሪ ይጐድላል፤ እርሱም ተባዝቶ 720 ይመጣል። ይህን ሕግ ያገኘው ዴካርት የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። አባቴ የዴካርትን ስም ሰምቶ አያውቅም፤ ሆኖም ሥራው ከሕጉ ዝንፍ አይልም።

ኳሱን መልሼ ሳመጣ ጓደኞቼ «ማን ሰፋው?» አሉኝ። «ገበያ አሠራሁት» ብዬ ዋሸሁ። የዋሸሁበትም ምክንያት፥ ቆዳ የሚሠራ ሰው «ፋቂ» እየተባለ ስለሚናቅ ነው። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መሳደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። በ1954 ዓ.ም. አገራችን በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪቃን ዋንጫ መውሰድዋን እናውቃለን፤ የሉቻኖ ቫሳሎና የመንግሥቱ ወርቁ ስም ሲጠራም እንኰራለን። ኳሱን ስለ ሰፋው ሰው ግን ማንም አይጠይቅም።

አንዳንዶች፥ «የዛሬ ኳስ በመርፌ አይሰፋም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ኳስ 6 ቁራጭ ብቻ ሆኖ በሙቀት የተጣበቀ ነበር» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ባለ 32 ቁራጩ ኳስ በዓለም ዋንጫ የገባው በ1970 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ነውና ዕድሜው ገፍቷል። ይሁን እንጂ የእኛ ሜዳ ኳስ አሁንም የሚያያዘው በስፌት ነው፤ ሲተረተርም የሚያድነው ወስፌ የያዘ ሰው ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ የተቀደደ ኳስ አይጣል፥ ወደ ሒሳብ ክፍል ይግባ። ሰፊውም ተጠርቶ በፊታችን ይስፋው፤ እኛም ማዕዘኑን እየለካን እንማር። ጂኦሜትሪን በቃል ብቻ አጥንተን፥ በእጁ የሚሠራውን ሰው ብንንቅ ትምህርታችን ጐደሎ ይሆናል።

«ማን ሰፋው?» ላላችሁኝ ጓደኞቼም ዛሬ እውነቱን እመልሳለሁ፤ የሰፋው አባቴ ነው።