ስልኩ እንዴት ነው የሚከፈተው?

ስልክ ልንገዛ ሱቅ ስንገባ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ነገር አንድ ነው፤ አንስተን በእጃችን እንመዝነዋለን። ከበድ ካለና መዳፋችንን ቀዝቀዝ ካደረገው «ይሄ ዕቃ ነው» እንላለን። ቀለል ካለ ደግሞ «ፕላስቲክ ነው» ብለን እንመልሰዋለን። ፕላስቲክ የሚለው ቃል የቁስ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኗል ማለት ይቻላል። እኔ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የብረት ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ለዓመታት አፕ ስሠራና በአሮጌም በአዲስም ስልክ ላይ ስሞክር አንድ አቋም ይዣለሁ፤ የስልክን ጥራት ከሚያብረቀርቀው ቆዳው ይልቅ ሙጫውና ብሎኑ ይናገራሉ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ከመስታወቱ እንጀምር። የዛሬ ስልክ መስታወት ተራ መስታወት አይደለም። እንደ ኮርኒንግ ኩባንያው ጎሪላ ግላስ ያሉት የሚጠነክሩት 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚሞቅ የቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ተነክረው ነው። ከመስታወቱ ገጽ ላይ ትናንሾቹ የሶዲየም አዮኖች ይወጡና ተለቅ ያሉት የፖታሲየም አዮኖች በቦታቸው ይገባሉ። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሲጨመር አስቡት፤ ሁሉም ተጠጋግቶ ይጨናነቃል። ገጹ እንዲህ ስለተጨናነቀ ስንጥቅ በቀላሉ አይከፈትበትም። ይህ ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም መስታወት ያው መስታወት ነው። የትኛው ነገር የትኛውን ይጭራል የሚለውን በሚለካው የሞህስ ደረጃ የስልክ መስታወት ብዙውን ጊዜ 6 ላይ መጫር ይጀምራል። በአሸዋና በአቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 7 ነው። ዱባይም ሆናችሁ ሪያድ ወይም አዲስ አበባ፣ ኪሳችሁ ውስጥ የገባችው ደቃቅ አሸዋ ከመስታወቱ ትጠነክራለች። የተጫረ መስታወት ደግሞ ሲወድቅ ለመሰበር ይቀለዋል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። በ2014 የወጣው አይፎን 6 ኪስ ውስጥ ይጎብጣል ተብሎ ብዙ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አይፎን 6ኤስ የበለጠ ጠንካራ በሆነው ባለ 7000 ተከታታይ አሉሚኒየም ተሠራ። ሁለቱም «አሉሚኒየም» ነበሩ፤ ልዩነቱ ቅይጡ ላይ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው የብረት ስም ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ከዚያ ቲታኒየም መጣ፤ በ2023 በአይፎን 15 ፕሮ፣ በ2024 መጀመሪያ በጋላክሲ ኤስ24 አልትራ። ቲታኒየም ለክብደቱ እጅግ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ሙቀት ማስተላለፍ ላይ ደካማ ነው፤ ለስልክ የሚሆኑት የአሉሚኒየም ቅይጦች ከቲታኒየም ቅይጥ ከአሥር እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋሉ። ይህ እኛን ፕሮግራመሮችን በቀጥታ ይመለከታል። ሙቀት መውጫ ካጣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተጠቃሚው ግን «አፑ ይጎተታል» ብሎ እኛን ይወቅሳል። አይፎን 17 ፕሮ በ2025 ወደ አሉሚኒየም ተመልሷል። እያንዳንዱ ቁስ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን እንደሚወስድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የጀርባው መስታወትስ? ብረት የገመድ አልባ ቻርጅን መግነጢሳዊ መስክ ስለሚያግድ ጀርባው ከብረት ሌላ መሆን አለበት ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ፕላስቲክም ያንኑ ያሳልፋል፤ ሲወድቅ ደግሞ አይፈረካከስም። ከዋጋም ይቀንሳል። ፕላስቲክ ቶሎ እንደሚጫርና እጅ ላይ እንደ መስታወት እንደማያምር አልክድም። ይሁን እንጂ ስልኩን ገዝተን በማግስቱ የጎማ ካቨር የምናለብሰው ከሆነ ውበቱን ለማን ነው የከፈልንበት?

«ውሃ እንዳይገባ በሙጫ መታሸግ አለበት» የሚለውንም በልኩ እንየው። በ2014 የወጣው ጋላክሲ ኤስ5 ጀርባው ፕላስቲክ ነበር፤ በጥፍር ይከፈታል፣ ባትሪው በእጅ ይወጣል፣ ያም ሆኖ አይፒ67 የውሃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ ነበረው። በ2015 የተከተለው ኤስ6 መስታወትና ብረት ለበሰ፤ ባትሪው ታሸገ፤ የውሃ መከላከያ ደረጃውም ቀረ። ላዩ አማረ፣ ውስጡን ለቄስ። እርግጥ ሙጫ ስልኩን ለማቅጠንና በደንብ ለማሸግ ይረዳል። በ2023 የወጣውና ባትሪው በእጅ የሚወጣው ፌርፎን 5 ደረጃው አይፒ55 ነው፤ ከውሃ ውስጥ መነከርን አይችልም። ምርጫው ዋጋ አለው፤ ቢሆንም ምርጫ ነው፣ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ይህን ያህል የምከራከረው ባትሪ ስለሚያረጅ ነው። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፤ አካሉ ቲታኒየም ቢሆንም ከዚህ አያድነውም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ተረድቶ ከሰኔ 20 ቀን 2025 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ባትሪው ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ፣ መለዋወጫም ስልኩ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመት እንዲገኝ ያዛል። ስልኩ ላይ የሚለጠፈው መግለጫም መውደቅን የመቋቋምና የመጠገን ደረጃውን ያሳያል። አውሮፓ ያላችሁ ልጆች፣ ከካሜራው ቁጥር በፊት እሱን አንብቡ።

ለእኛ ነገሩ ከዚህም ይሰፋል። ውጭ የምንኖር ሰዎች ስልክ ከእኛ ጋር አያረጅም። ሁለት ዓመት እንይዘውና በሻንጣ ወደ አገር ቤት ይሄዳል፤ ለእናት፣ ለታናሽ እህት፣ ከእሷ ደግሞ ለአክስት ልጅ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድሜው የሚወሰነው ሠፈር ያለው የሞባይል ጥገና ባለሙያ ከፍቶ መልሶ መግጠም በመቻሉ ነው። የጀርባ መስታወቱ በሙጫ የተጣበቀ ስልክ ለባትሪ ሲባል ሲሞቅና ሲፈለቀቅ ይሰበራል። አንዳንዱ ደግሞ ክፍሎቹ ከዋናው ሰሌዳ ጋር በሶፍትዌር ስለተቆራኙ ትክክለኛ ስክሪን ቢገጠምለት እንኳ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ይህን ቁልፍ የጻፈው እንደ እኛው ያለ ፕሮግራመር ነው።

ስለዚህ ስልክ ስትመርጡ ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፦ ባትሪው በስንት ብር ወይም ዶላር ይቀየራል? ጀርባው ሲሰበር ለብቻው ይለወጣል? የሶፍትዌር ዝማኔ እስከ መቼ ይደርሰዋል? መልስ ካጣችሁ ክብደቱ አያታልላችሁ።

አፕ የምትሠሩ ደግሞ ጠረጴዛችሁ ላይ አንድ የአምስት ዓመት ስልክ ይኑር። ሳያስፈልግ አነስተኛውን የአንድሮይድ ስሪት ከፍ ባደረግን ቁጥር ስክሪኑ ደኅና የሆነ፣ ባትሪው ተቀይሮለት የሚሠራ ስልክ በእናቶቻችን እጅ ላይ እያለ ይሞታል። እሱን ጠጋኙም አያድነውም።