«ማሚ፣ ኢንተርኔቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ»

የዚህ ወር ጨዋታችን ከራሴ ቤት ሳሎን ይጀምራል።

ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ባለቤቴ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነው። ትልቋ ልጄ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የሚዘጋ አሳይመንት ለማስገባት ትጣደፋለች። የ13 ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ በፕሌይስቴሽኑ ኳስ ይጫወታል። ድንገት ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ራውተሩን አጥፍተን አበራነው፤ ኢንተርኔቱ መጣ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ሄደ። ዓርብም በዚያው ሰዓት፣ ቅዳሜም እንዲሁ። እኛም እንደ ልማዳችን «ኔትወርኩ ነው» ብለን አጉረምርመን ተኛን።

ቅዳሜ ማታ ልጄን ልብ ብዬ ሳየው ጆይስቲኩን መሬት አስቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። «ምነው የኔ ጌታ?» ስለው እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ማሚ፣ ኢንተርኔቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦንላይን የገጠመው የማያውቀው ተጫዋች አምስት ለዜሮ ተሸንፎ ተናዷል። በቻት «ያገባኸውን ጎል ቪዲዮ እየው» ብሎ ሊንክ ላከለት፤ ልጄም ከፈተው። ቀጥሎ የመጣው መልእክት «አሁን አድራሻህን ይዣለሁ። ቤታችሁን በሙሉ ከኢንተርኔት አስወጣለሁ» የሚል ነበር። እንዳለውም አደረገ። በሦስተኛው ቀን «እንድተውህ ከፈለግህ የአካውንትህን ፓስወርድ ላክልኝ» አለው። ልጄ ፓስወርዱን ጽፎ ጨርሷል፤ መላኩ ብቻ ነበር የቀረው።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ጌሙን ትቀሙኛላችሁ ብዬ።»

ይህቺን መልስ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

«አድራሻህን ይዣለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

በመጀመሪያ ልባችሁ ይረፍ፤ ያ ልጅ የያዘው የቤታችንን በር አይደለም። የያዘው አይፒ አድራሻ የሚባለውን ቁጥር ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚላክልን ሁሉ ወደ ቤታችን የሚደርሰው በዚህ ቁጥር ነው። ከቁጥሩ አገሩንና የኢንተርኔት አቅራቢውን፣ አንዳንዴም ከተማውን መገመት ይቻላል እንጂ ሰፈርና የቤት ቁጥር አይነበብበትም።

ቁጥሩ የሚገኝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። አንዱ ልጄ የከፈተው ዓይነት ሊንክ ነው። የምትከፍቱት ገጽ ሁሉ አድራሻችሁን ያያል፤ ገጹን ለዚሁ ብሎ ያዘጋጀ ሰው ደግሞ ይመዘግበዋል። ሌላው የጌሙ አሠራር ነው። እንደ ጂቲኤ ኦንላይን ባሉ ጌሞች የተጫዋቾቹ መሣሪያዎች በቀጥታ እርስ በርስ ስለሚገናኙ አንዱ የሌላውን አድራሻ ማየት ይችላል። ፎርትናይትና ሮብሎክስ ግን ሁሉንም በኩባንያው ሰርቨር በኩል ስለሚያገናኙ ይህ ቀዳዳ የለባቸውም። ዲስኮርድ ላይ በድምፅ ሲያወሩም ድምፁ የሚያልፈው በኩባንያው ሰርቨር በኩል ነው።

አድራሻው ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ጥቃት በተለምዶ «ዲዶስ» ይባላል። የመሳፈር ሐሳብ የሌላቸው ሦስት መቶ ሰዎች የአንድ ሚኒባስ በር ላይ ሲጋፉ አስቡ። ማንም የሰረቀው፣ ማንም የሰበረው ነገር የለም፤ እውነተኛው ተሳፋሪ ግን መግባት አይችልም። የቤታችን መስመርም እንዲሁ በማይረባ ትራፊክ ሲጨናነቅ ጌሙም፣ ስብሰባውም፣ አሳይመንቱም አብረው ይቆማሉ።

ሦስት መቶው ሰው ከየት ይመጣል?

እኔን በጣም ያስገረመኝ ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጋፉት እንደኛ ካለ ቤት የተጠለፉ ራውተሮችና የደህንነት ካሜራዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ አደገኛ ፕሮግራም ብቅ አለ። የሠሩት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች ሲሆኑ፣ መነሻቸውም የማይንክራፍት ጌም ሰርቨር ንግድ ፉክክር ነበር። የተፎካካሪን ሰርቨር ብትጥል ተጫዋቾቹ ወዳንተ ይመጣሉ ከሚል ስሌት። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ላይ እየዞረ ካሜራና ራውተር ይፈልጋል፤ ከዚያም ከፋብሪካ አብረው የሚመጡ 60 ገደማ የተለመዱ የተጠቃሚ ስሞችንና ፓስወርዶችን ይሞክራል። ባለቤቱ ካልቀየረው ይገባል። በዚህ ቀላል ዘዴ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ያዘ። ኮዱ ለሕዝብ ከተለቀቀ በኋላ ሌሎች ሰዎች ወስደውት በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ዳይን የተባለውን ኩባንያ አጠቁበት፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። ሦስቱ ወጣቶች ጥፋታቸውን አምነው በ2018 የአምስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት፣ 2,500 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 127,000 ዶላር ካሳ ተፈረደባቸው።

እንግዲህ ራውተራችሁን ሳትቆልፉ ስትተዉ የምትጋለጡት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ የሌላ ሰው ልጅ የሚጠቃው በእናንተ መስመር ሊሆን ይችላል። ራውተሩን የያዘ ሰው ደግሞ የባንካችሁን ገጽ ስትከፍቱ ወደ አስመሳይ ገጽ ሊመራችሁም ይችላል። ነገሩ ከጌም ያለፈ ነው።

እሁድ ጠዋት፣ ከቡና ጋር

በማግስቱ የባለቤቴ ባልደረባ የሆነ የኔትወርክ ባለሙያ ቡና ጠርተነው መጣ። ላፕቶፑ ላይ 192.168.1.1 ብሎ ጻፈ፤ የራውተሩ ገጽ ተከፈተ። ከሳጥኑ ሥር ወረቀት ላይ የተለጠፈውን ፓስወርድ አስገባ፤ ዘው አለ። «ይኸው፣ ማንም እንዲህ ይገባል» አለን። ቀጥሎ ከዋይፋያችን ጋር የተያያዙትን መሣሪያዎች ቆጠረ፤ 19 ናቸው። የኛን ብንቆጥር 11 ሆነ። ፓስወርዱን ለስድስት ዓመት አልቀየርነውም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንቱ እንግዳ፣ ስንቱ ጎረቤት፣ ስንቱ ቧንቧ ሠራተኛ «ፓስወርዱ ስንት ነው?» እንዳለን ፈጣሪ ይወቀው።

ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያደረግነውን እናንተም አድርጉት።

1. የራውተሩን የራሱን ፓስወርድ ቀይሩ። ይህ ከዋይፋይ ፓስወርድ የተለየ ነው፤ ራውተሩን ለማዘዝ የሚያገለግለው ቁልፍ ነው። የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ብትጽፉ ለእናንተ ለማስታወስ ቀላል፣ ለሌላው ለመገመት ከባድ ይሆናል። በደብተር ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡት። ገጹ በ192.168.1.1 ካልተከፈተ የእናንተ ራውተር አድራሻ ከሥሩ ወረቀት ላይ ተጽፏል።

2. የዋይፋዩን ፓስወርድም ቀይሩ። የደህንነት ዓይነት በሚለው ቦታ «ደብሊው ፒ ኤ 3»ን ምረጡ፤ ከሌለ «ደብሊው ፒ ኤ 2» ይበቃል። ቁልፍ በመጫን ብቻ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን «ደብሊው ፒ ኤስ» ግን አጥፉት።

3. ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚፈቅደውን አማራጭ ዝጉ። «ሪሞት ማኔጅመንት» ይባላል። ለቤተሰብ አያስፈልግም።

4. የራውተሩን ሶፍትዌር አድሱ። እንደ ስልካችን ሁሉ የተገኙ ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በዚህ ነው። አንዳንዱ ራውተር ራሱ ያድሳል፤ አንዳንዱ አዝራር መጫን ይፈልጋል፤ በአቅራቢው በኩል ብቻ የሚታደስም አለ።

5. የእንግዳ ዋይፋይ ክፈቱ። «ጌስት ኔትወርክ» የሚለው ነው። ጎረቤትና እንግዳ፣ ካሜራውና ስማርት ቲቪው እዚያ ይግቡ። ዋናው ለቤተሰቡ ስልክና ላፕቶፕ ይሁን።

6. «ዩ ፒ ኤን ፒ»ን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ይህ መሣሪያዎች እናንተን ሳይጠይቁ ራውተሩ ላይ በር እንዲከፍቱ የሚፈቅድ አማራጭ ነው። ብዙ ጌሞች ይጠቀሙበታል። አጥፍታችሁት ጌሙ በደንብ ከሠራ እንደጠፋ ይቆይ። ከጓደኞቹ ጋር አላገናኝም ካለ ለዚያ ጌም የሚያስፈልገውን በር ብቻ በእጅ መክፈት ይቻላል። ልጆች ከቪዲዮ አይተው «ዲ ኤም ዜድ» የሚባለውን ቢጠይቋችሁ ግን እሺ አትበሉ፤ መሣሪያውን ያለ አጥር ሜዳ ላይ ማውጣት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከጀርባ ያለችውን «ሪሴት» የምትል ቀዳዳ በመርፌ እንዳትነኳት። አቅራቢው ያስገባውን የመስመር መረጃ ጭምር ልታጠፋው ትችላለች፤ ያኔ ባለሙያ እስኪመጣ ቤታችሁ ያለ ኢንተርኔት ይቀመጣል።

ጥቃት ነው ወይስ ተራ መቆራረጥ?

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው መቆራረጥ ጥቃት አይደለም። የተቆጡ ልጆች «ሃክ ተደረግኩ» ሲሏችሁ አስቀድማችሁ ይህንን አጣሩ። የተንቀራፈፈው ጌሙ ብቻ ከሆነና ሌላው ሁሉ የሚሠራ ከሆነ ችግሩ የጌሙ ሰርቨር ሳይሆን አይቀርም። ፕሌይስቴሽኑን በኬብል ከራውተሩ ጋር ስታያይዙት ከተስተካከለ ችግሩ የዋይፋዩ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከተቋረጠበት የመስመር ጉዳይ ነው። ማስፈራሪያ ከመጣ በኋላ የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ ቀጥ ካለና ይህ የሚደጋገመው ልጁ በሚጫወትበት ሰዓት ከሆነ ግን ጥርጣሬያችሁ መሠረት አለው።

ከመጣስ?

ከላይ የዘረዘርኳቸው ስድስቱ ነገሮች ራውተሩ እንዳይጠለፍ ያደርጋሉ፤ ከውጭ የሚመጣ ጎርፍን ግን የትኛውም የቤት ራውተር አያቆመውም። ጎርፉ መስመሩን የሚሞላው ራውተሩ ጋ ሳይደርስ ነው። ያኔ የሚያዋጣው አድራሻውን መለወጥ ነው። በብዙ ቤቶች ራውተሩን አጥፍቶ ቆይቶ ማብራት አዲስ ቁጥር ያስገኛል። የኛ ግን ለምን አልሠራም? ልጄ በተመለሰ ቁጥር ያ ተጫዋች የሚልክለትን አዲስ ሊንክ ይከፍት ስለነበር ነው፤ አዲሱን አድራሻ ራሱ እየሰጠው! ስለዚህ አስቀድማችሁ ሰውየውን አግዱት፣ ለጌሙ ኩባንያ ሪፖርት አድርጉት፣ የጻፈውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ከዚያ ራውተሩን አጥፍታችሁ እደሩ። ካልቆመ ወደ አቅራቢያችሁ ደውሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች 994 ላይ አድራሻው እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ። ቪፒኤንም አድራሻን ይደብቃል፤ ሆኖም ጌሙን ሊያዘገየው ይችላል፤ ነጻ ናቸው የሚባሉትን ደግሞ አልመክርም።

ፓስወርድም ሆነ ገንዘብ ግን አትላኩ። አንዴ የላከ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። የጌም አካውንቱ ላይ በስልክ ኮድ የሚያረጋግጠውን ባለሁለት ደረጃ መግቢያ አብሩለት።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ አጥቂው የእናንተ ልጅ ቢሆንስ? ይህን ጥቃት በጥቂት ዶላር የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ የተናደደ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ እንደ ጨዋታ ሊያየው ይችላል። በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ሆን ብሎ ማወክ በወንጀል ያስጠይቃል። የሦስቱን የሚራይ ወጣቶች ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እነሱም የጀመሩት ከጌም ነው።

ያቺ መልስ

«ጌሙን ትቀሙኛላችሁ ብዬ» ያለኝን አስታወሳችሁ? ባለቤቴ ታሪኩን እንደሰማ የመጀመሪያ ቃሉ «ከነገ ጀምሮ ጌም የለም!» ነበር። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ «አላልኩሽም?» የሚል ነው። ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠራሁት። እኔም የዛሬ ዓመት ልክ እንዲህ እል ነበር። ያን ምሽት ግን የታየኝ ልጄ ሦስት ቀን ብቻውን ፈርቶ መክረሙና ፓስወርዱን ሊልክ አንድ አዝራር ብቻ የቀረው መሆኑ ነው። በዚያ በኩል ያለው ሰው የጠየቀው ፓስወርድ ባይሆንና ፎቶ ቢሆንስ? «ብቻህን እንገናኝ» ቢለውስ?

ተመልሰን ሦስት ነገር ተስማማን። የማያውቀው ሰው የላከውን ሊንክ አይከፍትም። ማንም ካስፈራራው በዚያው ቀን ይነግረናል። እኛም ስለነገረን ብቻ ጌሙን አንቀማውም። አባቱ ሦስተኛውን ለመቀበል ትንሽ አንገራገረ፤ በመጨረሻ ግን እጁን ለልጁ ዘረጋለት።

እሁድ ዕለት ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሁሉንም በደብተሩ የጻፈው ልጄ ነው። አሁን በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ራውተሩን እየከፈተ የሚያየው፣ የማናውቀው መሣሪያ መኖር አለመኖሩን የሚቆጥረው እሱ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ በር ላይ ቆመው «ምነው ዋይፋዩ እምቢ አለኝ፣ ፓስወርዱ ተቀየረ እንዴ?» ሲሉ ሮጦ የወጣው እሱ ነው። «አዎ እትዬ፣ የእንግዳውን ልስጥዎት» አላቸው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።