እግሬ ይጫናል፣ መኪናዬ ግን አትሰማኝም!

የዛሬው ደብዳቤ እንደወትሮው የፍቅር ጉዳይ አይደለም። እንቅልፍ በመንሳት ግን ከፍቅር አያንስም። ጠያቂዬ እህቱ ዓረብ አገር ሠርታ በላከችለት ገንዘብ ትንሽ የጃፓን መኪና ገዝቶ፣ ሰው እያመላለሰ የሚኖር ወጣት ነው።

«ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ድንገት ጉልበቷ ይከዳታል» ይላል። «ሞተሩ አይጠፋም፤ ግን ብረግጥ ብረግጥ አትሰማኝም። የሞተር መብራት ይበራል። አጥፍቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልተፈጠረ ትሄዳለች።» ጋራዥ ወሰዳት። የነዳጅ ፊልትሮ ተቀየረ። ቀጥሎ ሞተሩ ላይ ያለው የአየር በር ከነሞተሩ በሌላ ተተካ። ለውጥ የለም! አሁን ደግሞ «ዋናው ኮምፒውተር ተቃጥሏል» ተብሏል። ጥያቄው «እህቴን ደግሜ ገንዘብ ልጠይቃት ወይስ መኪናዋን ልሽጣት?» ነው።

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ቆይ! ለእህትህ የምትደውለው ለጊዜው ደህንነቷን ለመጠየቅ ብቻ ይሁን። የመልሱን ግማሽ ራስህ ደብዳቤህ ግርጌ ላይ ጽፈኸዋል፤ ማሽኑ ያወጣው ኮድ ፒ 2138 ነው ብለሃል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ድሮ ነዳጅ መስጫው ፔዳል ከአየር በሩ ጋር የሚያያዘው በካቦ ነበር። በአሁኖቹ አብዛኞቹ መኪኖች ካቦው ቀርቷል። ፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር እግርህ ምን ያህል እንደተጫነ በኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም በሩን ይከፍታል። ለጥንቃቄ ሲባል ቃሉን የሚሰጡት ሁለት ምስክሮች ናቸው። ቃላቸው ከተለያየ ኮምፒውተሩ ማንን ይመን? ያለፈቃድህ እንዳትፈተለክ ብሎ ጉልበቷን ይቀንሳል። አየህ፣ ከዳችኝ ያልካት መኪና እየጠበቀችህ ነው!

ፒ 2138 በአጭሩ «የፔዳሉ ምስክሮች አልተስማሙም» ማለት ነው። ፒ 2135 የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። የአየር በሩን የሚከሰው ግን እሱ ነው። ያንተ ኮድ ፔዳሉ በኩል እየጠቆመ በሩ ተቀየረልህ ማለት ነው። ቢሆንም ልብ በል፤ ኮድ መስመሩን ያሳያል እንጂ «ይህን ዕቃ ግዛ» አይልም። ስለዚህ በተራ በተራ ሂድ።

አንደኛ፣ ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት ይጻፍ። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተው፣ ማሽኑ ላይ የፔዳሉን ቁጥሮች እያዩ ቀስ አድርገው ይርገጡ፣ ቀስ አድርገው ይልቀቁ። ቁጥሩ እንደ ሊፍት በእርጋታ ወጥቶ መውረድ አለበት። መሃል ላይ ከዘለለ ወይም ከወደቀ ወደ ሌባው ተጠግታችኋል።

ሁለተኛ፣ በዓይን ማየት። ምንጣፉ ፔዳሉን አለመያዙን አረጋግጥ። ቁልፉን ዘግተህ የፔዳሉን ስፒና ንቀልና አረንጓዴ ዝገት፣ የታጠፈ እግር፣ የተላጠ ሽቦ ፈልግ። ላቫጆ ቤት ውስጧን በውሃ የሚያጥቡልህ ከሆነ ይህን ቦታ አትለፈው። መልሰህ ሰክተህ፣ ቁልፉን ከፍተህ ሽቦውን ስትነቀንቅ ቁጥሩ ከዘለለ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የስፒናው ነው። ያኔ ፔዳል መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ቴስተር። ይህን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው። ቁልፉ ተከፍቶ ወደ ሴንሰሩ 5 ቮልት ገደማ መግባት አለበት፣ ኔጌቲቩም ደህና ይሁን። 5 ቮልቱ ከሌለ ፔዳሉን ተወው፤ ጣጣው ከሽቦው ወይም ከኮምፒውተሩ በኩል ነው። ካለ ሁለቱ ምስክሮች ይለኩ። በብዙ ቶዮታዎች ፔዳሉ ሳይነካ አንደኛው ከ0.5 እስከ 1.1፣ ሁለተኛው ከ1.2 እስከ 2 ቮልት ያሳያል። ሙሉ ሲረገጥ አንደኛው ከ2.6 እስከ 4.5፣ ሁለተኛው ከ3.4 እስከ 5 ይደርሳል። በአንዳንድ ሌሎች መኪኖች ደግሞ ሁለተኛው የአንደኛው ግማሽ ነው፤ ስለዚህ የራስህን መኪና ልክ አስፈልግ። ሽቦውና 5 ቮልቱ ደህና ሆነው ከምስክሮቹ አንዱ ከዘባረቀ፣ በል እንግዲህ ፔዳሉን ቀይር!

ሴንሰሩ በአብዛኛው የሚሸጠው ከነፔዳሉ ነው። ሶማሌ ተራ ስትወርድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። መልኩ ቢመሳሰልም የዕቃ ቁጥሩ ከተለየ አትግዛ።

ኮምፒውተሩስ? አይበላሽም አልልም። ግን የሚጠረጠረው መጨረሻ ላይ ነው። አጥፍተህ ስታስነሳት የምትድንን መኪና፣ ሳይለኩ «ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል» ማለት ይከብዳል።

አደራ፣ እስክትጠገን ተሳፋሪ አትጫን። ቀለበት መንገድ ላይ ጉልበቷ ከጠፋ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርተህ ቀስ ብለህ ቀኝህን ያዝ። እየሄደች ቁልፉን እንዳትዘጋ! መሪው ይከብድሃል፣ ፍሬኑም ይደርቅብሃል።

ሌሎቻችሁም ጋራዥ ስትገቡ «ምን ልግዛ?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ቮልት አገኘህ?» በሉ። የለካ መካኒክ ቁጥሩን ይነግራችኋል። ያልለካው ይቆጣል! በተቆጣ መካኒክ ቃል ደግሞ ኪሳችሁን አትክፈቱ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።