የኡጋንዳ ነዳጅና በበይነ መረብ የሚገኝ ማስተርስ፦ ዲግሪው ብቻውን የሥራ በር ይከፍታል?

በኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ የሚገኘው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የፋብሪካዎች፣ የመጋዘኖችና የነዳጅ ማከማቻዎች ሰፈር ነው። የባሕር በር የሌላት ኡጋንዳ የምትጠቀመውን ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ የምታስገባ ሲሆን፣ አብዛኛው ነዳጅ በኬንያ በኩል ተጓጉዞ በቦቴ ይደርሳል። በዚህ ሰፈር ነዳጅ የሚረከቡ፣ የሚለኩና የሚያከፋፍሉ ሠራተኞች ከዘርፉ ጋር በየዕለቱ ይገናኛሉ። አገሪቱ የራሷን ድፍድፍ ነዳጅ ለማውጣት በተቃረበችበት በአሁኑ ወቅት ግን ከማከማቻው ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው የሙያ መንገድ አጭር አይደለም።

ኡጋንዳ በአልበርት ሐይቅ አካባቢ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ መኖሩን ያረጋገጠችው በአውሮፓውያኑ 2006 ነው። ከክምችቱ 1.4 ቢሊዮን በርሜል ያህሉ ሊወጣ እንደሚችል ይገመታል። ይሁን እንጂ የፈረንሳዩ ቶታልኢነርጂስ፣ የቻይናው ሲኖክና የኡጋንዳ ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ የመጨረሻውን የኢንቨስትመንት ውሳኔ ይፋ ያደረጉት ከ16 ዓመታት በኋላ፣ በየካቲት 2022 ነበር። በ2025 ይጀምራል ተብሎ የነበረው ምርትም ወደ 2026 ተሸጋግሯል። ለሥራው ራሱን የሚያዘጋጅ ተማሪ ይህን መጓተት ከስሌቱ ሊያወጣው አይችልም።

ከርቀት ምን መማር ይቻላል?

ሥራውን ሳይለቅ መማር ለሚፈልግ የካምፓላ መሐንዲስ የበይነ መረብ ትምህርት ማራኪ አማራጭ ነው። በስኮትላንድ የሚገኘው ሄሪየት ዋት እና በአሜሪካ የሚገኘው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲዎች የፔትሮሊየም ምሕንድስናን በርቀት በማስተማር ይታወቃሉ። የነዳጅ አዘል አለቶችን ባሕርይ ማጥናት፣ የጉድጓድ ንድፍ ማውጣት፣ የምርት መጠንን መተንበይና የፕሮጀክትን አዋጭነት ማስላት በአመዛኙ በኮምፒውተር የሚሠሩ በመሆናቸው ለርቀት ትምህርት ይመቻሉ።

የቁፋሮ ጣቢያ ልምድና የቤተ ሙከራ ልምምድ ግን በስክሪን አይተኩም። የኡጋንዳ ድፍድፍ ነዳጅ ሰም የበዛበት በመሆኑ በተራ የአየር ሙቀት ይረጋል። ወደ ታንዛኒያው የታንጋ ወደብ የሚዘረጋው 1,443 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እየሞቀ እንዲሠራ የታቀደውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ነዳጅ ማስተዳደር ከመማሪያ መጽሐፍ ባሻገር የመስክ ልምድን ይጠይቃል።

ሥራው የት ነው?

የነዳጅ ፕሮጀክቶች ብዙ የሰው ኃይል የሚቀጥሩት በግንባታ ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ በይበልጥ የሚፈለጉት በያጆች፣ ኤሌክትሪሻኖች፣ ሾፌሮችና የከባድ ማሽን ኦፕሬተሮች ናቸው። ኪጉምባ የሚገኘው የኡጋንዳ የነዳጅ ተቋም የተቋቋመውም በዋናነት ቴክኒሻኖችን ለማፍራት ነው። ምርት ሲጀመር የሠራተኛው ቁጥር ይቀንሳል፤ የፔትሮሊየም መሐንዲሶች የሥራ ቦታም ውስን ነው። ለእነዚህ ቦታዎች ደግሞ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በነዳጅ ሥነ ምድር ያስመረቃቸው ባለሙያዎችም ይወዳደራሉ።

የ2013ቱ የነዳጅ ሕግ ኩባንያዎች ኡጋንዳውያንን እንዲያሠለጥኑና እንዲቀጥሩ ያስገድዳል። የነዳጅ ባለሥልጣኑም ሥራ ፈላጊዎችን ከቀጣሪዎች ጋር የሚያገናኝ ብሔራዊ የባለሙያዎች መዝገብ አለው። ሕጉ ለዜጎች ቅድሚያ ቢሰጥም ልምድ ለሌለው ባለዲግሪ የሥራ ዋስትና አይሰጥም። በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጠው የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ሲሆን፣ በመሐንዲስነት ለመመዝገብም የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መጣራት ያለበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይህ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። በኦጋዴን የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ሀብት መገኘቱና ሥራ መፈጠሩ በአንድ ጊዜ እንደማይመጡ የሁለቱም አገሮች ታሪክ ያሳያል።

ስለዚህ የበይነ መረብ ማስተርስ ይበልጥ የሚጠቅመው በዘርፉ እግሩን ላስገባ ባለሙያ ነው፦ በቧንቧ ግንባታ፣ በቁፋሮ አገልግሎት ወይም በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለሚሠራ። ነዳጅ በማከማቸትና በማከፋፈል ላይ ለተሠማራው የኢንዱስትሪያል ኤሪያ ሠራተኛ ግን የማከማቻ ደኅንነት፣ የጥራት ቁጥጥርና የአቅርቦት አስተዳደር ሥልጠና ፈጥኖ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። በሆይማ ሊገነባ የታቀደው በቀን 60,000 በርሜል የሚያጣራ ፋብሪካ እውን ከሆነም ይህ ሙያ ይበልጥ ተፈላጊ ይሆናል።