ባልበሰለበት ድስት የሰጠነው ምስክርነት

ረመዳን ሲቃረብ ሀይሌ ጋርመንት ሌላ መልክ ይይዛል። በ2013 ዓ.ም. አትክልት ተራው ከጃን ሜዳ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከደጃችን ነው። ከሻዕባን አጋማሽ በኋላ ደግሞ አትክልት ገዢ ባለበት ሁሉ ዕቃ ሻጩ ይከተላል። ድስት፣ መጥበሻ፣ የሊጥ መዳመጫ፣ ጁስ መፍጫ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ በመንገዱ ዳር ይዘረጋል። ቤቱ የተቀመጠ ሰውም ቢሆን ከስልኩ አያመልጥም። አንዷ ብቅ ትልና "ይህ ድስት ዘይት አይፈልግም፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል" ትላለች። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት ከዚህ የማይሻል ቃል ተናግረናል። የተናገርነው ደግሞ መስጂድ ውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ ለጾመኞች ማፍጠሪያ ብሎ በርከት ያለ ካርቶን ቴምር ይዞልን መጣ። ጀዛከላህ ኸይር ብለን ተቀበልነው። ሊወጣ ሲል "የማይዝ ድስት አስመጥቻለሁ፤ ለጀመዓው አንድ ቃል ቢሉልኝ" አለን፣ ናሙናም ሰጠን። በማግስቱ ከዓስር ሶላት በኋላ "ጥሩ ዕቃ መጥቷል፣ እናቶች ቢገዙት ይጠቀማሉ" አልን። እንቁላል እንኳ አልጠበስንበትም ነበር።

ሳምቡሳ እየጠበሰች በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ዕቁብ የወጣላት በዚያው ሳምንት ነበርና ሦስት ድስት ገዛች። ረመዳን ሳይጋመስ የድስቱ የውስጥ ሽፋን ይላላጥ ጀመር፤ ጥቁር ቅርፊቱ ዘይቱ ላይ መንሳፈፍ ያዘ። ድስቶቹን በፌስታል ይዛ መስጂዱ ግቢ መጣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ሼሃችን፣ እርስዎ ስላሉ ነው የገዛሁት" ብቻ አለችን። ነጋዴውን ብንፈልገው ስልኩ አይሠራም። ገንዘቧን ከኪሳችን መለስንላት። ከገንዘቡ ይልቅ የከበደን በዚያው ቦታ ቆመን "ያልናችሁ ልክ አልነበረም" ማለቱ ነው።

ማታ ለልጆቻችን እናት ብንነግራት አልደነቃትም። ናሙናው ቤት የገባ ዕለት ጫፉን በጥፍሯ ጫር አድርጋ እንደማይበረክት አውቃለች። "ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?" ብንላት "ማን ጠየቀኝ?" አለች።

እውነቷን ነው፣ ማንም አልጠየቃትም። ሠላሳ ዓመት ስታበስል የኖረች ሴት ቤታችን ተቀምጣ፣ ከጾሙ በቀር ማዕድ ቤት የማናውቅ እኛ ስለ ድስት መሰከርን። ስለ አንድ ዕቃ ጥሩነት ለሌላ ሰው መናገር ምስክርነት ነው፤ ምስክር ደግሞ የሚናገረው ያየውን ነው። ይህን ለልጆች እያስተማርን ለራሳችን ረሳነው።

በሐዲስ ኪታቦች የግብይት ምዕራፍ ውስጥ ነጅሽ የሚባል የተከለከለ ሥራ አለ። ሊገዛ ሳያስብ ሌላውን ለማሳሳት ዋጋ የሚያንር ሰው ተግባር ነው። ሊቃውንት ሲያብራሩት፣ ዕቃው እንዲሸጥለት ብሎ ያልተገባ ውዳሴ ማቅረብንም ጨምረውበታል። ዛሬ ከሻጩ ተከፍሎት፣ መከፈሉን ሳይናገር፣ እንደ ማንኛውም ገዢ ሆኖ ዕቃ የሚያሞግስ ሰው ከነጅሽ ምን ያህል ይርቃል? እኛ ገንዘብ አልተቀበልንም። ቴምሩስ ምን ነበር? ለመስጂድ ነው ብለን አልፈነው ነበር፤ አሁን ግን ቴምሩ ባይኖር ኖሮ ያን ቃል እንናገር ነበር ወይ ብለን ስንጠይቅ መልሳችን አያኮራንም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡና ጣታቸውን እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱ ዝናብ መትቶት ነው ቢላቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ገሠጹት፤ የሚያታልልም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህን ሐዲስ ነጋዴዎችን ለመምከር ስንጠቅሰው ኖረናል። ገዢውንና መካሪውንም እንደሚያስተምር የገባን ከድስቱ በኋላ ነው። እሳቸው ክምሩን ከላይ አይተው አላለፉም፣ እጃቸውን ከተውበታል።

የጥንት ሙስሊም ከተሞች ይህን ሥራ ለሙህተሲብ፣ ማለትም ለገበያ ተቆጣጣሪ፣ ሰጥተውት ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አሽ-ሸይዘሪ ለተቆጣጣሪዎች በጻፈው ኪታብ ጋጋሪውም፣ ወጥ ሠሪውም፣ ጣፋጭ ሠሪውም የየራሱ ምዕራፍ አለው። የዘላቢያ መጥበሻ ሳይቀር ከጥሩ ቀይ መዳብ እንዲሆን ያዝዛል። ሊጡ ብቻ ሳይሆን የሚጠበስበት ዕቃም ይመረመር ነበር ማለት ነው።

በአገራችንም በደንብ የተፈተነ የማዕድ ቤት ዕቃ አለ። በ1980ዎቹ ላቀች የከሰል ምድጃና ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ሲወጡ ባለሙያዎቹ ስም አውጥተው ብቻ አልሸጡም፤ ማገዶ እየመዘኑ እንጀራ እያስጋገሩ ፈትነዋል። ምርጥ በእንዲህ ያለው ፈተና በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ግማሽ ያህል ማገዶ እንደሚቆጥብ ታይቷል። የምድጃ ባለሙያዎች ሦስት ዓይነት ፈተና አላቸው። አንደኛው ውሃ ማፍላት ነው፤ ለፈታኙ ይቀላል፣ በፍል ውሃ የሚያፈጥር ቤተሰብ ግን የለም። ሁለተኛው አንድን ምግብ፣ በአንድ ልክ፣ በባለሙያ ፊት ማብሰል ነው። ሦስተኛው ዕቃውን ለቤተሰብ ሰጥቶ በገዛ ማዕድ ቤታቸው፣ ልጅ እያለቀሰ፣ እንግዳ እየመጣ፣ እንደ ወትሮው ሲጠቀሙበት መለካት ነው። እኛ ከሦስቱ የምናምነው የመጨረሻውን ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሻዕባን አንድ ሙከራ አደረግን። አንድ የሰፈራችን ነጋዴ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዲያበድረን ጠየቅን። ስጦታ እንደማንቀበል፣ ምጣዱን እንደምንመልስ፣ ጥሩም መጥፎም ቢወጣ እንደምንናገር አስቀድመን ነገርነው። ትንሽ አሰበና እሺ አለ፤ አላህ ይባርክለት። ምጣዱ በአምስት እናቶች ቤት ዞረ።

አንዷ ያደረገችውን ማንም ቤት ሊያደርገው ይችላል። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዋን ምጣዱን ከመሰካቷ በፊት አንብባ ጻፈች፣ ሌላ ዕቃ ሁሉ አጠፋች፣ ሃያ እንጀራ ጋግራ እንደገና አነበበች። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በካርቶኑ ላይ "ቆጣቢ" ተብሎ የተጻፈው ግን በካርድሽ ላይ ስንት ብር እንደሚሆን አይነግርሽም። ቆጣሪው ይነግርሻል። አሮጌ ምጣድሽን በዚያው መንገድ ለክተሽ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ደግሞ ሻጩ የሚጨምርበት ቃል አይኖርም።

ሌላዋ ጠዋት ጋግራ አመሰገነችው፤ ማታ ከመግሪብ በፊት ስትሞክረው ግን አዝግሞ አስመረራት። በዚያ ሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ምድጃ ስለሚለኩስ መብራቱ ይደክማል። ዕቃ የሚፈተነው በሚፈለግበት ሰዓት ነው የሚለውን ከእሷ ተማርን። ሦስተኛዋ አንጓዋን የሚያማት ናት፣ ክዳኑ ከበዳት። ይህን የትኛውም ማስታወቂያ አይናገርም።

ሙከራው ለምን በሻዕባን ሆነ ላላችሁን፣ በጾም ቀን ወጥ መቅመስ ስለሚያሳስብ ነው። ለማብሰል አስፈላጊ ከሆነ በምላስ ጫፍ ቀምሶ ሳይውጡ መትፋት ጾም እንደማያበላሽ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተላለፈ አለ፤ ሊቃውንትም ለሚያስፈልጋት ፈቅደዋል። ብዙ እናቶች ግን ልባቸው አይፈቅድምና ጨውን በአፍንጫቸው ይገምታሉ። አንዳንዴ አፍንጫ ይሳሳታል፣ እኛም ዝም ብለን እንበላለን።

ከሙከራው ሁሉ የከበደን እናቶቹን ማናገር ነበር። ጥሩውን ሲጠየቁ ይናገራሉ፤ ጉድለቱ ላይ ሲደርሱ "ሐሜት አይሆንብኝም?" እያሉ ዝም ይላሉ። ከመጥበሻው የውስጥ ሽፋን ይልቅ የሻጩን ፊት የሚፈሩም አሉ። ኢማም አን-ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን አንዱ አድርገዋል። ፋጢማ ቢንት ቀይስ ስለጠየቋት ሁለት ወንዶች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስታማክር፣ የአንዱን ድህነት የሌላውንም አመል ሳይሸሽጉ ነግረዋታል። የሰው ነውር ለምክር ሲባል ከተነገረ የድስት ነውር ምን ያሳፍራል? ነገር ግን ወሰን አለው። ዕቃውን ሳይሞክሩ፣ ወይም ሌላ ነጋዴ ልኮን፣ "እገሌ ዕቃው ብላሽ ነው" ብንል የሰው እንጀራ ዘጋን ማለት ነው። ያልሞከሩትን መንቀፍ ያልሞከሩትን ከማሞገስ አይሻልም። ስለ ድስቱ እንናገር፤ ስለ ነጋዴው ልብ አላህ ያውቃል።

የእናቶች እጅና ዓይን የማይደርስበትም አለ። በካሜሩን ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው የተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ተመርምረው እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚያስገቡ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ እርሳስ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሕፃናትን ይጎዳል። ለዚህ ጥፍር አይበቃም፣ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ደረጃ የሚያወጣና የሚመረምር ተቋም በአገራችን ስላለ፣ በየገበያው የሚቀልጠው ድስት ከምን እንደተሠራ መርምረው ውጤቱን እናቶች በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነግሩን እንጠይቃለን። በማይዝ መጥበሻም ቢሆን ባዶውን እሳት ላይ አለመተው ነው፤ ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፣ ባዶ መጥበሻ እዚያ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ደረሰኝ መቀበልም ከገዢው ይጠበቃል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ማስለወጥ ወይም ገንዘብን ማስመለስ እንደሚቻል ደንግጓል። ያቺ እናት ደረሰኝ አልነበራትም። እኛን አምና ምን ደረሰኝ ትጠይቅ?

ምጣዱ አምስተኛዋ እናት ቤት ሰነበተና ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። በመጨረሻ አራቱ ይገዛ ሲሉ፣ አንጓዋን የሚያማት እናት አይገዛ አለች። ነጋዴው "አብዛኛው ይበቃል፣ ጥሩ ነው በሉልኝ" ብሎን ነበር። ከተራዊህ በኋላ የአራቱንም የአንዷንም ቃል እንዳለ ተናገርን፤ ማን ምን እንደከበዳት፣ ማታ እንዴት እንዳዘገመም ጭምር። በማግስቱ ሁለት አሮጊቶች ሱቁ ሄደው መጀመሪያ ክዳኑን አንስተው መመዘናቸውን ሰማን። ነጋዴውም ክዳኑ ቀለል ያለ ሌላ ምጣድ ለማስመጣት እያሰበ መሆኑን ነግሮናል። የሚመጣ ከሆነ የአምናዎቹ እናቶች አሁንም አሉ፣ ቆጣሪያቸውም አለ።