መታወቂያህን አሳየኝ!

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ሰብሰብ ብለን ማኪያቶአችንን እየጠጣን ሳለ አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አወጣና አንድ የቆየ ቪዲዮ አሳየን። የወታደር ዩኒፎርም የለበሰ፣ ብስክሌት የያዘ አንድ ጥቁር ወጣት አለ። አንድ ፖሊስ ይገፈትረዋል፣ ቀጥሎ በቡጢ ያጣድፈዋል። ወጣቱ ደማስ ፓካዳ ይባላል፤ ቦታው እስራኤል፣ ሆሎን ከተማ ነው፤ ጊዜው ሚያዝያ 2015። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ቪዲዮው ሲያልቅ አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይበላቸው! ማን ሂዱ አላቸው?» ሌላው ቀጠለና «የነጭ አገር አይደል እንዴ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ ክርክሩ ጋለ። እኛ በሁለቱም ተናደድን። የመጀመሪያው የተበዳዩን በደል ይቀማዋል። ሁለተኛው ደግሞ በዳዩን ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣዋል፤ የዘር አድልዎ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ያለ ነገር ከሆነ ማን ይጠየቃል?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የተደበደበው ሰው የአገሪቱን ዩኒፎርም ለብሷል። ለዚያች አገር ሊሞት የተመለመለ ልጅ ነው። ፖሊሱ ግን ዩኒፎርሙን አላየም፤ ያየው ቆዳውን ነው። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች በዚያው ሰሞን ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ አደባባይ ወጥተው ይህንኑ ጮኸዋል። ፖሊሱ ተባረረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ወታደሩን አግኝተው አነጋገሩት፤ ፎቶ ተነሡ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ዐቃቤ ሕጉ በፖሊሱ ላይ የተከፈተውን ፋይል ዘጋው። ለግጭቱ መነሻው የወታደሩ ጠባይ ነው ተባለ። ፎቶው ቀረ፣ ክሱ ጠፋ!

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ «አንድ ክፉ ፖሊስ ገጠመው» ብለን እናልፈው ነበር። ግን አላበቃም። በጥር 2019 ባት ያም ውስጥ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ይሁዳ ቢያድጋ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ቢላ ይዞ ከቤት ወጣ። ቤተሰቦቹ ፖሊስ የጠሩት እንዲረዳቸው ነበር። የመጣው ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። ልጁ የሚያስፈልገው ሐኪም ነበር፤ የደረሰው ጥይት ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ቀን ሃይፋ ውስጥ ቂርያት ሃይም በምትባል ሰፈር ሰሎሞን ተካ ተገደለ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነበር። የተኮሰው ከሥራ ሰዓት ውጪ ከቤተሰቡ ጋር የነበረ ፖሊስ ነው። ወጣቶቹ ድንጋይ ወረወሩብኝ፣ ለሕይወቴ ሰጋሁ፣ የተኮስኩትም ወደ መሬት ነው አለ። ጥይቱ መሬት ነጥሮ ልጁን እንደመታው ተነገረ። በየካቲት 2020 ፖሊሱ ላይ የተመሠረተው ክስ በቸልተኝነት ሞት ማድረስ የሚል ነበር። የእናቱን ጆሮ አስቡት፤ «ቸልተኝነት»!

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን «ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን?» የሚል ነበር። በእነዚህ ዜናዎች ላይ ግን «ማን?» የምትለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጥርግ ብላ ትጠፋለች። «ወጣት በጥይት ተመትቶ ሞተ» ይባላል። ማን መታው? ጥይቱ በራሱ እግር ሄዶ ነው? ተጠያቂነት የሚጀምረው ከአረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። ባለቤት የሌለው አረፍተ ነገር ተከሳሽ የሌለው ፋይል ይወልዳል።

በሐምሌ 2019 መጀመሪያ እነዚያ ወጣቶች መንገድ ዘጉ፤ ጎማና መኪና ተቃጠለ። ከ100 በላይ ፖሊሶች ተጎዱ፣ ከ130 በላይ ሰዎች ታሰሩ። በዚህ ጊዜ «ጨዋዎቹ ኢትዮጵያውያን ምን ነካቸው?» የሚል ግርምት ከየአቅጣጫው ተሰማ። መኪና ማቃጠልን አንደግፍም፤ የተቃጠለው መኪና ባለቤት ሰሎሞንን አልገደለም። ግን እንጠይቅ፤ ያ «ጨዋነት» ለአርባ ዓመት ምን አስገኘላቸው? በ1996 ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው በምስጢር ሲጣል እንደኖረ ሲታወቅ ወላጆቻቸው አደባባይ ወጥተው አልቅሰዋል። ደማቸውን የሰጡት እንደ ወገን ነበር፤ የተቀበላቸው ግን እንደ በሽታ ቆጠራቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«በአውሮፕላን አጓጉዘዋቸው፣ ከረሃብና ከጦርነት አውጥተዋቸው ምን ያማርራሉ?» የሚልም አለ። አዎ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተወስዷል። ቦሌ ያን ቀን ያየው ጉድ ነው። ግን የአውሮፕላን ቲኬት የዕድሜ ልክ የዝምታ ውል ነው እንዴ? ደግሞስ በሆሎንና በቂርያት ሃይም የተመቱት ልጆች ስደተኛ አይደሉም ለማለት ስንት ትውልድ ይፈጃል?

ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በ2016 የዚያን ጊዜው የአገሪቱ ፖሊስ አዛዥ ሮኒ አልሼክ በጠበቆች ስብሰባ ላይ፣ ስደተኞች በየትም ዓለም ከሌላው ይልቅ ወንጀል ውስጥ እንደሚገኙ ጥናት ያሳያል፣ ስለዚህ ፖሊስ ይበልጥ ቢጠረጥራቸው ተፈጥሯዊ ነው የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። ልብ በሉ! አዛዡ «ፖሊሶቼ አያዳሉም» አላሉም። ያሉት «ቢያዳሉ አይገርምም» ነው።

የሒሳቡን ጉድ ደግሞ እዩት። ፖሊስ ጥቁር ልጆች በሚኖሩበት ሰፈር ይበዛል። ስለሚበዛ ብዙ ያስቆማል። ብዙ ስለሚያስቆም ብዙ ይጣላል። «ፖሊስ ተሳድቧል፣ እምቢ ብሏል» የሚል ፋይል ይከፈታል። ከዚያ ፋይሉ ተቆጥሮ «አያችሁ፣ ወንጀለኛ ናቸው» ይባላል። ከሕዝቡ 2 በመቶ እንኳ የማይሞሉ ሰዎች በክስ መዝገብ ላይ ከቁጥራቸው በላይ የሚታዩት በዚህ ወፍጮ ተፈጭተው ጭምር ነው። ይህን የምንለው ከሜዳ ተነሥተን አይደለም። በፍትህ ሚኒስቴሯ ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው የመንግሥቱ የራሱ ኮሚቴ በ2016 ባወጣው ሪፖርት ቤተ እስራኤላውያን ከልክ ያለፈ የፖሊስ ቁጥጥር እንዳለባቸው አምኖ 53 ምክረ ሐሳቦችን አቅርቧል። ሪፖርቱ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ሰሎሞን ተገደለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሕዝቡ የጠየቀው ጨረቃን አይደለም። ፖሊስን ፖሊስ አይመርምረው ነው ያለው። የፖሊስ ጥፋት የሚመረምረው ክፍል በፍትህ ሚኒስቴር ሥር ቢሆንም፣ ለረጅም ዓመታት መርማሪዎቹ በብዛት ከፖሊስ ቤት የመጡ ነበሩ። የትናንት ባልደረባውን የሚመረምር ሰው ምን ያህል ይጨክናል? ሁለተኛው ጥያቄ ያለ በቂ ጥርጣሬ «መታወቂያህን አሳየኝ» የሚለው ይቁም ነው። በዚህ በኩል ትንሽ ብርሃን ታይቷል። «ጠበቃ» የተባለው የቤተ እስራኤላውያን የመብት ድርጅትና ሌሎች ማኅበራት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው፣ በ2021 ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰው አስቁሞ መታወቂያ እየጠየቀ ስሙን መዝገብ ውስጥ ሊፈትሽ እንደማይችል አስወስነዋል። ይህ በልመናም በእንባም አልተገኘም፤ በክስ ነው የተገኘው። ውሳኔ ወረቀት ላይ፣ ዱላ ደግሞ መንገድ ላይ መሆናቸውን ግን አንረሳም።

አሁን ወደ ካፌው እንመለስ። «ይበላቸው» ያለው ጓደኛችን ሳያውቀው አንድ የቆየ ውርስ ነው የተናገረው። እነዚህ ሰዎች እኮ ከመሄዳቸው በፊትም ቤታቸው እዚህ አልተመቻቸውም። ጎንደር ዙሪያ ርስት ተነፍገው፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ሲኖሩ ማረሻችንን የሠሩልን፣ ድስታችንን የሠሩልን እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ «ፈላሻ» አልናቸው፣ «ቡዳ» አልናቸው፣ ልጃችን ሲታመም እነሱን ጠረጠርን። እዚህ ቡዳ፣ እዚያ ኩሺ! የቴል አቪቩ ፖሊስ ቆዳ አይቶ ሲጠረጥር፣ የእኛ አያት ደግሞ ሙያ አይቶ ይጠረጥር ነበር። ልዩነቱ ስንት ነው?

እና ዛሬስ? ለረጅም ዓመታት የቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። ፍተሻ ላይ መታወቂያውን ሲሰጥ ያች መስመር እንዳትነበብበት የጸለየ ወጣት በመካከላችን የለም? እንግዲህ በእስራኤል ፖሊስ ተናድደን በእኛ ሰፈር «እሱማ ምን ያጠፋው ነገር ቢኖር ነው» የምንል ከሆነ ንዴታችን የጎረቤት ልቅሶ ላይ የሚታይ ጥቁር ልብስ ነው፤ ቤት ሲገቡ ይወልቃል።

እኛ ከሰሎሞን እናት ጎን የምንቆመው ልጇ የእኛን ስም ስለያዘ ብቻ መሆን የለበትም። ፖሊስ ሰውን በማንነቱ ሳይሆን በሠራው ብቻ ይጠርጥር፣ ሲሳሳት ደግሞ ከራሱ ባልደረባ ውጪ ላለ ሰው ይመልስ ስለምንል ነው። ይህን እዚያ የጠየቀ እዚህም ይጠይቅ። እዚህ ዝም ያለ ደግሞ እባኩ እዚያ አይጩህ።

ለጓደኛችን ማኪያቶውን እኛው ከፈልንለት። ቪዲዮውን ግን ድጋሚ እንዲያየው አደረግነው።