ያገለገለች ውብ አውቶሞቢል

በባሕር ዳር ዘንባባ ሥር ቀስ ብላ የምታልፍ እንደ ቢ ኤም ደብሊው 320 ያለች አውቶሞቢል የወጣት ሠራተኛን ልብ ብትማርክ አያስደንቅም፤ የእኔንም ማርካለች። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ለገበያ የምትቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው የነዳት ናት።

ስለዚህ ገዢው ቀለሟን ትቶ በማለዳ፣ ሞተሯ ሳይሞቅ፣ ያስነሣት። ጢሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው ይጠርጥር። ቀጥሎ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጣባት። ከተማይቱ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ እንደ ቀድሞዎቹ 320 ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የጉልበቱን አንድ አምስተኛ የሚጠጋ እዚህ ያጣል። በወረቀት የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው!

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ወደ አዲስ አበባ በደጀን በኩል የሚጓዝ ሰው የዓባይን በረሃ መውረድ አለበት፤ በከተማ ፍሬን ሲያዝ መሪዋ የሚርገበገብ አውቶሞቢል በዚያ ጠመዝማዛ ምን እንደምትሆን ገዢው ከመክፈሉ በፊት ያስብ። ደግሞም ለመሬት የቀረበች ናትና፣ ድንጋይ የነካው የዘይት መያዣ እንዳይኖራት ጉድጓድ ባለው ጋራዥ ሆዷ ይታይ። ሻጩ ይህን እንቢ ካለ፣ ገንዘቡን በኪሱ እንደያዘ በባጃጅ ይመለስ።